ቴፑ ከተዘጋ በኋላ የነገርኩት

የተወለድኩባት ከተማ የራሷ የሚጠጣ ውሃ አልነበራትም። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣው ጨው ጨው የሚል፣ ሳሙና የማያረፋ ውሃ ነው፤ ፍየልና ግመል ይጠጡታል፣ ሰው ግን ሲጨንቀው ብቻ። የእኛ ውሃ የሚመጣው በባቡር ነበር። ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ከዕቃ ፉርጎዎቹ ኋላ ሆዱ ክብ የሆነ የብረት ታንከር ጎትቶ ያመጣና፣ ከጣቢያው ጎን ባለው ሐዲድ ላይ ጥሎት መንገዱን ይቀጥላል። ያን ታንከር የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ለየትኛው ቤት ስንት ጀሪካን እንደሚደርስ የሚወስነው ሰው አባቴ ነበር።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ ጣቢያ ነበረች፤ የሚያውቃት በዚህ ያውቃታል። ከእሷ በኋላ ድንጋይ፣ የወሰን ምልክት፣ ከዚያም ሌላ አገር ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የግመል መንገድ ብቻ ነበረች። ፈረንሳዮቹ አንድ የድንጋይ ቤት ሠርተው በቋንቋቸው «ጋር»፣ ጣቢያ ማለት ነው፣ አሉት፤ ወሰን ነውና ጉምሩክ መጣ፤ ጉምሩክ ስላለ ኮንትሮባንድ መጣ፤ ነጋዴና ፖሊስ እስኪጣሉ ሻይ የሚያፈላላቸው ሰው አስፈለገ፣ ሻይ ቤትም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ከተማ ነን አልን።

አገሩ የኢሳዎች ነው። እኛ የሐዲድ ሠራተኛ ልጆች፣ የጉራጌው ባለሱቅ፣ የመናዊው ዳቦ ጋጋሪና ከደጋ ተመድበው የመጡት ወታደሮች እንግዶች ነበርን፤ ግን እዚያው ተወልደን ስላደግን እንግድነታችንን ረስተነዋል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሶማሊኛ እናወራለን፤ ለባቡሩ ዕቃ ሁሉ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሙቀቱ የሰው አይደለም። የበሩን እጀታ በጨርቅ እንይዛለን። አልጋ ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ትኩሱ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ከተማው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሩን ዘግቶ ጭጭ ይላል። ዝናብ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይመጣም። ሲመጣ ደግሞ ከእኛ ላይ አይዘንብም፤ ሩቅ ተራራ ላይ ይዘንብና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁ ወንዝ ድንገት እያገሳ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ለአንድ ሰው ነግሬው ነበር።

ያ ሰው የጉምሩኩ ሹም ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ሦስት ክፍል ይቀድመኝ ነበር። ያገኘሁት ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሙቅ ሻይ እግሬ ላይ ሲያፈስብኝ ሳላስበው «ወሪያ!» ብዬ ጮህኩ። በሶማሊኛ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ነው። ከወዲያኛው ጥግ ረጅም መነጽራም ሰው ዞር አለ።

«አንቺ የየት ልጅ ነሽ?»

«የባቡር።»

«የቱ ጣቢያ?»

«የመጨረሻው።»

«ከባሕር ለሚመጣ ግን የመጀመሪያው ነው» አለና ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ተቃቀፍን።

ያኔ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። እሱ ሬድመንድ ከተማ በአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፣ ቤትና ሚስት አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ባዶ የገበያ አዳራሽ ሜዳ ላይ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት ስፈተን ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ በሦስተኛው ከሥራው ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። ወደ ኋላ ፓርክ ሳደርግ መስመሩን እንዳልነካ አጥሩ ጋ ቆሞ በዓይኑ ሲከታተለኝ አየው ነበር። ሳልፍ ከእኔ ይልቅ እሱ ዘለለ። እንዲህ ያለውን ሰው ወንድሜ አልኩ። ወንድምም ነበረ፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

የአውቶቡስ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ እስከ ከሰዓቱ ዙር ድረስ አራት ሰዓት ያህል ባዶ አለኝ። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ለአውቶቡስ ማቆሚያችን ቅርብ ነውና እዚያ እቀመጥ ነበር። አንድ ሐሙስ የጉምሩኩ ሹም ልጅ ሥራ ስላልነበረው መጣና ትንሽ የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የከተማችንን ታሪክ ልንጽፍ ነው» አለ። «እኔና አንቺ። ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው። እዚህ የሚወለዱት ልጆች በረሃ መሆኑን እንኳ አያውቁም።»

መቅጃው ዲጂታል ነው፤ እኔ ግን ቴፕ እለው ነበር። ሦስት ዓመት ያህል፣ ቀላል ባቡሩ ገና በሬኒየር ቫሊ መሐል ከመዘርጋቱ በፊት ጀምሮ መንገዱ ሁሉ እስኪቆፋፈር ድረስ፣ ባገኘው ሐሙስ ሁሉ ተገናኘን። የከተማዋን ካርታ በእጄ ሣልኩለት፤ የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት አስታወስኩ። ድሬዳዋና ጅቡቲ ያሉ ሽማግሌዎች ጋ በስልክ ካርድ እየደወልን ጠየቅን። እሱ ዘመኑን ያውቃል፣ ሕጉን ያውቃል፣ አባቱ የጻፋቸው ወረቀቶች አሉት። እኔ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የየትኛዋ ሴት ድርያ ቀሚስ ምን ቀለም እንደነበረ፣ ባቡሩ ሲዘገይ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። «አንቺ ከሌለሽ ይኼ መጽሐፍ አጥንት ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ የሁለታችንም ስም እንደሚወጣ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

አንድ ሐሙስ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ቁጭ ሳይል «ባቡሩ ቆመ» አለኝ። ድሮም ሲያዘግም፣ ሲበላሽ፣ ሲጠገን የኖረ ባቡር ነው። አሁን ግን ከድሬ የደወሉለት ሰዎች ጨርሶ መቆሙን፣ ሐዲዱ ላይ ፍየል መተኛት መጀመሩን ነገሩት። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ የሰው ሞት እንደሰማሁ አለቀስኩ። ቤተ መጻሕፍት ነውና ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩን። እሱ እጄን ያዘኝ። ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገርኩትን ለመናገር አፌ የተከፈተው።

«ቴፑን ዝጋው» አልኩት።

ዘጋው። ቀይዋ መብራት ስትጠፋ አየሁ። መቅጃውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ዚፑን ሳበ።

«ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም» አለ። «በአባቴ አጥንት።»

የነገርኩት ይህን ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ አሥር ዓመት ገደማ ሆኜ፣ ጎርፍ ድልድይ ወሰደና ባቡር ቆመ። ውሃ ባመጣው ጎርፍ የተነሳ ውሃ አጣን። ጣቢያው ላይ የቀረው አንድ ታንከር ብቻ ነበር። ድልድዩ መቼ እንደሚጠገን የሚያውቅ የለም። የወሰን ጥበቃው መቶ አለቃ ታንከሩን ተረከበና ለአንድ ቤት በቀን አንድ ጀሪካን፣ ከከተማው ውጭ ላለ ሰው ግን ጠብታ እንዳይሰጥ ብሎ አዘዘ። ያን ሰሞን ወሰኑን የሚሻገር ሁሉ ሰርጎ ገብ ይባል ነበር። ጉድጓዳቸው የደረቀባቸው ዘላኖች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ከሐዲዱ ማዶ ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። ወንዶቹ አይጠጉም፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። ድምፅ አያሰሙም፤ ተቀምጠው ታንከሩን ያያሉ።

አባቴ ከሥራ ሲወጣ የታንከሩን ቁልፍ ለጣቢያው ዘበኛ አስረክቦ ነው የሚሄደው። ዘበኛው ከወሎ የመጣ፣ ቁመተ አጭር፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ልጁ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። አባቴ ጎህ ሲቀድ ወደ ጣቢያው ሄደና ቁልፉን ጠየቀው። ዘበኛው ለምን አላለም። ቁልፉን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቆመ። አባቴ ለሴቶቹ ከፈተላቸው። ይህንን ሦስት ማለዳ አደረጉ፤ ቁልፉን ከመጠየቅ በቀር በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

በአራተኛው ቀን መቶ አለቃው ታንከሩ ላይ ወጥቶ በረጅም ዘንግ ውሃውን ለካ። ጎድሏል። የጣቢያውን ሠራተኛ ሁሉ አሰለፈ።

«ቁልፉ ማን ጋ ያድራል?»

«እኔ ጋ ነው ጓድ መቶ አለቃ» አለ ዘበኛው። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።»

አባቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር። የዚያኑ ዕለት ዘበኛውን በወታደር መኪና ወሰዱት። ተመልሶ አልመጣም። የት እንደደረሰ የነገረን የለም።

አባቴ ይህን የነገረኝ ወደ አሜሪካ ልመጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ ድሬዳዋ ነው። በሽታው ጸንቶበት ተኝቷል። «እኔ ነኝ የሚለው ቃል እዚህ ደርሶ ነበር» አለና ጉሮሮውን በጣቱ ነካ። «ከዚያ ልጆቼን ቆጠርኩ፤ ስድስት ናችሁ። ቃሉን ዋጥኩት። እሱም አምስት ነበሩት፤ የእሱን ግን ያኔ አልቆጠርኩም።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለማንም እንዳልናገር አልለመነኝም፤ ግን ለማን ይነገራል?

ይህን ሁሉ ሰምቶ ወንድም ያልኩት ሰው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር። «አባትሽ ምስኪን» አለ። «አንቺም ምስኪን።» ያን ቀን አውቶቡሴን ስነዳ ቀሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሐሙሶቹ ተራራቁ። ስደውልለት «ኤዲት እያደረግኩ ነው፣ ቢዚ ነኝ፣ ኮል አደርግልሻለሁ» ይላል። ሰው ሲጽፍ ብቻውን መሆን ይፈልጋል ብዬ ተውኩት። ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ከዚያ መልእክት ላከልኝ፤ መጽሐፉ ታትሟል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬኒየር ቫሊ ባለው አዳራሽ ይመረቃል፣ ከፊት ወንበር ተይዞልሻል።

አዲስ ቀሚስ ገዛሁ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በባቡር መስመሩ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ፣ የድሬ ልጅ፣ የሚኤሶ ልጅ፣ ያላደገውም ጭምር መጥቷል። ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም ብቻ ነበረ። ደነገጥኩ፤ ግን ወዲያው ለራሴ ሰበብ ፈለግሁለት። የጻፈው እሱ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ ምስጋናውን ስፈልግ «አንዲት የከተማዋ ተወላጅ» የሚል አገኘሁ። እሱንም ዋጥኩት።

ከዚያ ከመጽሐፉ ሊያነብ ተነሳ። ስለ ሙቀቱ አነበበ፣ ሰው ሳቀ፤ የበሩን እጀታ በጨርቅ እንይዛለን የሚለው የእኔ ቃል ነበር። ስለ ዳቦ ጋጋሪው አነበበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን የከተማችንን ቁስል ላንብብላችሁ» አለ።

ታንከሩን አነበበ። ሴቶቹን፣ ግራሩን፣ ሦስቱን ማለዳ። የእኔን ቃል በእኔ ቅደም ተከተል አነበበው። የሠራተኞቹ ሰልፍ ላይ ሲደርስ ግን እኔ ያልነገርኩትን አነበበ። በእሱ መጽሐፍ ዘበኛው «እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር» አይልም። በእሱ መጽሐፍ መቶ አለቃው ሲጠይቅ የውሃ አከፋፋዩ ጣቱን ወደ ዘበኛው ይቀስራል። አዳራሹ በአንድነት «እህህ!» አለ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» ስትል ሰማኋት። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የድሬ ሰው ናቸው፣ አባቴን በዓይን ያውቁታል፤ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅሁት። መጽሐፍ ፈርሞ ጨርሶ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሲያየኝ ፈገግታው ከፊቱ ሄደ።

«ምን አደረግኸኝ?» አልኩት።

«ስም አልጠቀስኩም እኮ።»

«ከተማው ውስጥ ስንት ውሃ አከፋፋይ ነበር?»

«እዪ፣ የአንቺ አባት ታሪክ ብቻ አይደለም» አለ። «የከተማው ታሪክ ነው። ታሪክ አይደበቅም።»

«ቴፑን ዘግተህ ነበር።»

«ዘግቼ ነበር። ሶ፣ ከቴፕ አይደለም የጻፍኩት። ከጭንቅላቴ ነው።»

ይህን ሲለኝ እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

«አባዬ አልጠቆመም» አልኩ። «ዝም ነው ያለው። ዝም ማለቱን ነው የነገርኩህ።»

«ኦኬ፣ ዝም አለ። ግን ዝም አለ ብለሽ ስትጽፊ አንባቢ አይገባውም። ዞሮ ዞሮ ውጤቱ አንድ አይደለም? ሰውየው ሄደ።»

«በአባትህ አጥንት ነበር የማልከው።»

«አታካብጂው» አለኝ። የእነዚያን ቅዳሜዎች ሰው፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ያየኝን፣ ፊቱ ላይ ፈለግሁት። ያው ፊት ነው። ይህ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። ሌላ ሰው ሆኖ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መጽሐፉ ከሲያትል ወጥቶ ሄደ፤ የባቡር ልጆች ያሉበት ሁሉ ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት፣ የጠዋቱን ዙር ጨርሼ አውቶቡሱን እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የሚኒሶታ ቁጥር ነው። የዘበኛው ልጅ።

አብሮ አደጌ መሆኗን ብዬአለሁ። ያላልኩት፣ ሁለታችንም አሜሪካ ከገባን ጀምሮ በየበዓሉ እንደዋወል እንደነበር ነው። ስለ ልጆቿ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ዱሮ መምህሮቻችን እናወራለን። አንዳንዴ «አባቴ ግን የት ገብቶ ይሆን?» ትላለች፤ እኔም «እግዜር ያውቃል» እላለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ብያታለሁ።

ሰላም አላለችኝም። «መጽሐፉን አነበብኩት» አለች። «እውነት ነው?»

ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ልዋሻት እችል ነበር፤ ጸሐፊው የፈጠረው ነው ብላት ታምነኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ደከመኝ።

«ጣቱን አልቀሰረም» አልኳት። «ያ ውሸት ነው። አባትሽ በራሱ አፍ እኔ ነኝ አለ። የእኔ አባት ዝም አለ።»

«ቁልፉን ተቀብሎ የከፈተው ግን አባትሽ ነው።»

«አዎ።»

«ለእናቴ ልዩነቱ ምን ነበር?» አለች። «ጣቱን ቢቀስር ባይቀስር።»

መጥረጊያውን ደረጃው ላይ አጋደምኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከመምጣቴ በፊት።»

«ባለፈው ፋሲካ ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አባቴን በሕልሜ አየሁት ስልሽ፣ እያለቀስኩ፣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ስልኩን ዘጋችው።

ወንድም ያልኩት ሰው ላይ የተቆጣሁትን ቁጣ ያን ዕለት ግማሹን ራሴ ላይ አዞርኩት። የነገርኩት ሰው አሳልፎ ሰጠኝ፤ እውነት ነው። ግን እሱ ቢክደኝም ባይክደኝም፣ መጀመሪያ ልነግራት የሚገባኝ እሷ ነበረች። ለእሱ የነገርኩት እንዲቀለኝ ነው። ለእሷ ያልነገርኩትም እንዳይከብደኝ ነው። ይህንን ማወቅ እሱን ይቅር እንድለው አላደረገኝም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ከወር በኋላ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ሰው ያማከረ ሰው ድምፅ ነበር። እናቷ ድሬዳዋ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። በስልክ አንብባላቸዋለች።

«ምን አሉ?»

«አውቅ ነበር አለች።»

«ምን?»

«ድልድዩ ተጠግኖ ባቡሩ መሄድ ሲጀምር፣ ታንከር በመጣ ቁጥር አባትሽ ከሁሉም በፊት የእኛን በርሜል ነበር የሚሞላው። ሳንጠይቅ፣ ሳንሰለፍ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ። ያለ ምክንያት የሰው ሚስት በርሜል ሲያስቀድም የሚኖር ወንድ የለም አለች እናቴ። በሁለተኛው ወር ገብቶኝ ነበር አለች።»

ትዝ አለኝ። ሰው ያጉረመርም ነበር። እናቴም አንድ ሰሞን በዚህ ከአባቴ ጋር ተጣልታለች።

«ታዲያ ይቅር ብለውታል?» አልኩ፤ እንደ ሕፃን።

«እሱንም ጠየቅኳት። ውሃውን የተቀበልኩት ይቅር ብዬው አይደለም፣ አምስት ልጆች ስለነበሩኝ ነው አለች።»

በዓመቱ ገደማ ወንድም ያልኩት ሰው ደወለ። ሁለተኛ እትም ሊያወጣ ነው፤ ከሰዎች ቅሬታ ሰምቷል፤ «አንቺ ራስሽ አንድ ገጽ ጻፊና አስተካክላለሁ» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ለአባቴም ለዘበኛውም ስል እሺ አልኩ። ሦስት ሐሙስ ፈጀብኝ። ጨርሼ ሚኒሶታ ደወልኩና አነበብኩላት። እሷ አንድ መስመር አስጨመረችኝ፦ አባቷ ባቡር ሲያልፍ ለማያውቃቸው መንገደኞች ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ እጅ ይነሳ እንደነበር። «ይኼም ይግባ» አለች። «ሰው እንደነበር ይታወቅ።» ገጹን ለጸሐፊው ላክሁለት። «ቆንጆ ነው፣ ታንክ ዩ» ብሎ ጻፈልኝ።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ አንድ የሬኒየር ቫሊ ባለሱቅ አስቀምጦልኝ ገዛሁ። እዚያው ቆሜ ገለጥኩ። ገጼ የለም። ጣቱ እንደተቀሰረ ነው። በተጨማሪ ግን አንድ ፎቶ ገብቷል፦ አባቴ ወጣት ሆኖ፣ እጁን ታንከሩ ቧንቧ ላይ አድርጎ ሲስቅ። በሐሙሶቹ ጊዜ እንዲያየው ብዬ ያዋስኩት የእናቴ ፎቶ ነው። ከሥሩ ስም አልተጻፈም። ባለሱቁ «ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም?» ሲለኝ ነው ቆሜ መቅረቴን ያወቅሁት።

ፎቶውን እንዲመልስልኝ ለጸሐፊው ጻፍኩለት። በፖስታ ላከልኝ፤ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጎ፣ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ። ደብዳቤ የለበትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቼዋለሁ፤ ኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ፣ ቀላል ባቡር ስጠብቅ። ሽበት አውጥቷል። ዝናብ ያካፋል። ወደ እኔ መጣና እንደ ዱሮው «የባቡር ልጅ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«እግዜር ይመስገን» አልኩ።

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት ባቡሩ ደረሰ። እሱ በመጀመሪያው በር ገባ። እኔ ወደ ኋለኛው ፉርጎ ሄድኩ።

የዘበኛው ልጅ ባለፈው በጋ ሲያትል መጥታ ቤቴ አራት ቀን ተቀመጠች። እናቷ ዐርፈው ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እንግዳ ለእንግዳ እንደሚያወራ አወራን። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ሄደን ተቀመጥን፤ ውሃው እስከ ማዶ ተዘርግቷል፣ ሕፃናት ይዋኛሉ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነከረች።

«ይቅር አላልኩሽም፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

«አውቃለሁ።»

«ደውይልኝ ግን። በበዓል አይደለም። በአዘቦት ቀን ደውይልኝ።»

በጠዋቱና በከሰዓቱ ዙር መካከል ባለው ሰዓት እደውልላታለሁ። አንዳንዴ ታነሳለች፣ አንዳንዴ አታነሳም።